ስለ ያን ዲስማስ ዜሌንካ፤ ተዘንግቶ ስለ ነበረ የቦሄሚያ የሙዚቃ ደራሲ

በኤውሮፓ የሙዚቃ ታሪክ ባሮክ እየተባለ የሚጠራው ዘመን፣ ይኸውም ከ1600 እስከ 1750 ገደማ ያለው ጊዜ፣ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ብዙውን ጊዜ በሁለት ስሞች ይዘጋል፤ በዮሐን ሴባስትያን ባኽና በጌዎርግ ፍሪድሪኽ ሄንደል። ሁለቱም የተወለዱት በ1685 ነው። ከእነርሱ ስድስት ዓመት ቀድሞ የተወለደ፣ ባኽ ራሱ ያከብረው የነበረ፣ ነገር ግን ከሞተ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ከጥቂት ሊቃውንት በቀር ማንም ስሙን ሳያነሣው የቆየ አንድ የቦሄሚያ ሰው አለ። ስሙ ያን ዲስማስ ዜሌንካ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ሰው እንዴት ሊረሳ እንደ ቻለና እንዴት ተመልሶ እንደ ተገኘ ነው። ስለ መረሳቱ በተለምዶ የሚነገረው ታሪክም በሰነድ ከተገኘው ጋራ በሁሉ እንደማይስማማ ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ዜሌንካ የተወለደው ከፕራግ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በብላኒክ ተራራ ሥር ባለችው ሎውኞቪትሴ በምትባል ትንሽ ስፍራ ነው፤ ክርስትና የተነሣውም ኦክቶበር 16 ቀን 1679 ነበር። ቼኮች ስለዚህ ተራራ ሲተርኩ ቅዱስ ቬንሰስላስ የተባለው የጥንት መስፍናቸው ከነፈረሰኞቹ በተራራው ሆድ ውስጥ ተኝቶ አገሩ በተጨነቀች ጊዜ ተነሥቶ ይረዳታል ይላሉ። የዜሌንካ አባት የዚያች መንደር አስተማሪና የቤተ ክርስቲያኗ ኦርጋን መቺ ነበረ። በዚያ ዘመን በቦሄሚያ የመንደር አስተማሪ ሙዚቃ ማወቁ ግዴታ ያህል ነበር። ቻርልስ በርኒ የተባለው እንግሊዛዊ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ በ1772 በአገሪቱ ሲያልፍ በትንንሾቹ ትምህርት ቤቶች ልጆች ከንባብ ጋራ ሙዚቃ ሲማሩ አይቶ በመደነቅ ጽፏል። ለዜሌንካም የመጀመሪያው መምህር አባቱ ሳይሆን አልቀረም።

ክርስትና ሲነሣ የተሰጠው ስም ያን ሉካሽ ነበር። ዲስማስ የሚለውን ስም በኋላ ነው የጨመረው። ዲስማስ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ከጌታ በስተ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ማለት እኛ ፈያታዊ ዘየማን የምንለው ነው። አንድ ሰው ከቅዱሳን ሁሉ መርጦ የዚህን ንስሐ ገቢ ስም ሲይዝ ስለ ጠባዩ አንድ ነገር ሳይነግረን አይቀርም ብለን እናስባለን፤ ነገር ግን ከዚህ አልፈን መፍረድ አንችልም።

በፕራግ ከኢየሱሳውያን ጋራ ቅርብ ግንኙነት ነበረው። እነዚህን ኢየሱሳውያን የአገራችን ታሪክ አንባቢ ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጋራ አያይዞ ያውቃቸዋል። በቦሄሚያ ግን ከ1620ው የነጭ ተራራ ጦርነት በኋላ አገሪቱ በሐብስቡርግ ነገሥታት ሥር በካቶሊክነት ስትጸና ትምህርቱን በብዛት የያዙት እነርሱ ነበሩ። ኮሌጆቻቸው ቲያትርንና ሙዚቃን ለማስተማሪያነት ይጠቀሙባቸው ስለ ነበር፣ ዜሌንካም በ1704 ለፕራግ ተማሪዎቻቸው ቲያትር ሙዚቃ ደርሷል። ድርሰቱ ዛሬ የለም። ከዚያ በኋላ ሃርቲግ በተባሉ የፕራግ መኰንን ቤት ጥቂት ጊዜ አገልግሎ በ1710 ወይም በ1711 ወደ ድሬስደን ሄደ። ከጥቂት ጕዞዎች በቀርም እስኪሞት ድረስ ኑሮው በዚያው ሆነ።

ስለ ድሬስደን ትንሽ መናገር አለብን፤ ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ነውና። ሳክሶኒ የማርቲን ሉተር አገር ነው፤ ሕዝቡም ሉተራዊ ነበር። ገዢው ብርቱው አውግስጦስ ግን በ1697 የፖላንድን ዘውድ ለመጫን ሲል ካቶሊክ ሆነ። ስለዚህ በሉተራውያን ከተማ መካከል አንድ ትንሽ የካቶሊክ ማኅበር በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ተቋቋመ፤ በ1708ም የቀድሞው የቤተ መንግሥት ቲያትር ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተለወጠለት። ለዚህ ቤተ ክርስቲያን በላቲን የሚዘመር ቅዳሴና መዝሙር ያስፈልግ ነበር። የንጉሡ የሙዚቃ ጓድ በኤውሮፓ ከታወቁት ከፍተኞቹ አንዱ ስለ ነበረ ደራሲው የፈለገውን ያህል ከባድ ነገር ቢጽፍ የሚጫወትለት አያጣም። የሚሰማው ሕዝብ ግን ጥቂት ነው፤ ከቤተ መንግሥቱ ቅጥር ውጭ የሚፈልገውም የለም። የዜሌንካ ዕድልና ጉዳት ሁለቱም የሚመነጩት ከዚህ ይመስለናል።

የተቀጠረው በደራሲነት አልነበረም፤ ቪዮሎኔ የተባለውን፣ የዛሬው ኮንትራባስ አባት የሆነውን ትልቁን ባለ አውታር መሣሪያ ለመጫወት ነበር። ደመወዙ 300 ታለር ነበረ። (እግረ መንገዳችንን እንናገር፤ ታለር የሚለው ቃል የወጣው ዮአኪምስታል ከምትባለው የቦሄሚያ የብር ማዕድን ከተማ ስም ነው። አያቶቻችን ጠገራ ብር እያሉ የተገበያዩበት የማርያ ቴሬዛ ገንዘብም የዚሁ ዘር ነው።) ብዙም ሳይቆይ የቅድስት ሴሲልያ ቅዳሴ የተባለውን ድርሰት ለንጉሡ አቅርቦ ለትምህርት ወደ ኢጣልያና ወደ ፈረንሳይ እንዲላክ ለመነ። ከ1716 እስከ 1719 ባለው ጊዜ ውስጥ በቪየና ተቀመጠ፤ ዕድሜውም አርባ ሊሞላ በተቃረበበት ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ የሙዚቃ አለቃ ከዮሐን ዮሴፍ ፉክስ ዘንድ ተማረ። ፉክስ የኮንትራፑንክት፣ ማለት ብዙ ዜማዎችን በአንድ ጊዜ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው እንዲሄዱ የማቀናበር ጥበብ፣ ታላቅ መምህር ነበር። ዜሌንካ በዚያ ሳለ ተማሪም አስተማሪም ሆነ፤ በኋላ በዋሽንት እጅግ የታወቀው ዮሐን ዮአኪም ክቫንትስ በቪየና ኮንትራፑንክትን ከዜሌንካ እንደ ተማረ ራሱ ጽፏል። ከዚህም ሌላ የጥንቶቹን የፓለስትሪናን፣ የፍሬስኮባልዲንና የሌሎችንም ሥራ በገዛ እጁ እየገለበጠ አራት ክፍል ያለው መድበል አዘጋጀ። አርባ ዓመት የቀረበ ሰው ተቀምጦ የሌላውን ኖታ መገልበጡ ትንሽ ነገር አይደለም። የዚህ ትጋት ፍሬ እስከ መጨረሻው ሥራው ድረስ ይታያል።

ወደ ድሬስደን ከተመለሰ በኋላ ያሉት አራት ዓመታት ምናልባት ከዕድሜው ሁሉ ፍሬያሞቹ ናቸው። በ1721 እና በ1722 ገደማ ስድስት ሶናታዎች ጻፈ። እነዚህ ሶናታዎች ለሁለት ኦቦና ለአንድ ፋጎት የተጻፉ ሲሆኑ በሦስተኛው ላይ በአንደኛው ኦቦ ፋንታ ቫዮሊን ገብቷል፤ ከሥራቸውም የባስ አጃቢ አለ። በዘመኑ ልማድ በእንዲህ ያለ ሶናታ ሁለቱ የላይኛ መሣሪያዎች ዜማውን ይቀባበላሉ፤ የታችኛው መሣሪያ ግን እንደ ቤት መሠረት ተሸክሞ ይቆማል። ዜሌንካ ራሱ የባስ ተጫዋች ስለ ነበረ ይሆናል፣ ይህን ልማድ አልተቀበለውም። ፋጎቱ ከሥር ተነሥቶ ከኦቦዎቹ ጋራ እኩል ይከራከራል፤ አንዱ የጀመረውን ሐሳብ ሌላው ይነጥቀዋል፤ ሊያልቅ ነው ብለን ስንጠብቅም ወዳላሰብነው ስፍራ ታጥፎ ገና ረጅም መንገድ ይሄዳል። ለነፋሽ መሣሪያ ተጫዋች ትልቁ ችግር ትንፋሽ መውሰጃ ስፍራ ማጣቱ ነው። እኛ ደጋግመን በሰማናቸው ቍጥር የሚገርመን የተጫዋቾቹ ጽናት ብቻ አይደለም፤ ይህን ሁሉ ድካም የሚጠይቅ ሙዚቃ አንድም ጊዜ ለትርኢት የተጻፈ መስሎ አለመታየቱ ጭምር ነው።

በዚያው ጊዜ ለሰሙነ ሕማማት ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ደረሰ። የመጀመሪያው በ1722 የጻፈው ሰቆቃወ ኤርምያስ ነው። የላቲን ዘማሪዎች በየአንቀጹ መጀመሪያ ያሉትን የዕብራይስጥ ፊደሎች፣ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያሉ፣ ራሳቸውን በዜማ የመዘመር ልማድ አላቸው። ዜሌንካም ለእነዚህ ትርጕም ለሌላቸው ፊደሎች ከጽሑፉ የማያንስ ውበት ያለው ዜማ ሰጥቷቸዋል። ሁለተኛው በ1723 የተጻፉት 27 የሕማማት ምላሾች ናቸው። እነዚህ በጥንቱ የአራት ድምፅ ሥርዓት የተቀናበሩ ቢሆኑም፣ ስለ ይሁዳ ክሕደት ወይም ስለ ጌታ ብቸኝነት በሚናገሩበት ስፍራ ድምፆቹ እርስ በርሳቸው እየተጋጩና በግማሽ ድምፅ እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ። የጥንቱን ሥርዓት ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው እንዲህ ሊጥሰው አይችልም።

በሴፕቴምበር 1723 ካርል 6ኛ በፕራግ የቦሄሚያ ንጉሥ ሆነው ሲቀቡ ዜሌንካ ስለ ቅዱስ ቬንሰስላስ የሚናገር ታላቅ የላቲን ድራማ ሙዚቃ ደርሶ በኢየሱሳውያን ኮሌጅ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ባሉበት እርሱው እየመራ አሰማ። የብላኒክ ልጅ በብላኒክ ተራራ ተኝቷል ስለሚባለው መስፍን በገዛ አገሩ ዋና ከተማ ለንጉሥ ዘመረ ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጥ የአደባባይ ክብር ከዚያ በኋላ አላገኘም።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። የድሬስደን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ኀላፊ የሙዚቃ አለቃው ዮሐን ዳቪድ ሃይኒኽን ነበር። እርሱ በሕመም ሲደክም ሥራውን ይሸፍን የነበረው ዜሌንካ ነው፤ በጁላይ 1729 ሃይኒኽን ሲሞትም ሸክሙ በብዛት በእርሱ ላይ ወደቀ። ንጉሡ በፌብሩዋሪ 1733 ሲሞት ዜሌንካ ለወራሹ ደብዳቤ ጽፎ፣ ስላገለገለበት ዘመንና ለኖታ ገልባጮች ከኪሱ ስለ ከፈለው ገንዘብ ተናግሮ የአለቅነቱን ሹመት ለመነ። ሹመቱ ግን በኦፔራ ስሙ ለገነነው ለዮሐን አዶልፍ ሃሰ ተሰጠ። ለሃሰና ዝነኛ ዘፋኝ ለነበረችው ሚስቱ ለፋውስቲና ለሁለቱ የተወሰነው ደመወዝ 6000 ታለር ነበር። በዚያው ዓመት ባኽም ከላይፕሲግ መጥቶ ዛሬ የቢ ሚኖር ቅዳሴ የምንለውን የመጀመሪያ ክፍል ለዚሁ መስፍን አቅርቦ የማዕርግ ስም ለምኗል፤ ያገኘውም በ1736 ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ጸሐፊ ዜሌንካን የተናቀ፣ የተበደለ፣ በምሬት የሞተ ሊቅ አድርጎ ይሥለዋል። ሥዕሉ ልብ ይነካል፤ እኛም ይህን ጽሑፍ ስንጀምር አምነነው ነበር። ነገር ግን ሰነዱን ለሚመረምር ጥቂት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛ፣ ሃሰ ገና በ1731 ድሬስደን መጥቶ ኦፔራውን አሳይቶ ነበርና ዜሌንካ በለመነ ጊዜ ነገሩ ያለቀ ያህል ነበር። ሁለተኛ፣ ዜሌንካ በ1735 የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ደራሲ የሚል ማዕርግ አግኝቷል፤ ደመወዙም ከመጀመሪያው ከፍ ብሏል። ቅር አላለውም ማለታችን አይደለም። ቅር ባይለው ኖሮ እንዲያ ያለ ደብዳቤ አይጽፍም። ይሁን እንጂ ቅር መሰኘት አንድ ነገር ነው፤ መናቅ ሌላ ነው። የተረሳው ስለ ተናቀ ነው የሚለውን ምክንያት ደግሞ ከሞተ በኋላ የሆነው ነገር ጨርሶ ይቃወመዋል።

ከ1735 በኋላ የጻፋቸው ሥራዎች ከቀድሞዎቹ ያነሡ ናቸው፤ ጥልቀታቸው ግን ጨምሯል። በ1738 በደረሰው መዝሙር 50 ላይ ባሶቹ እንደ ተጨነቀ ልብ እየመቱ ይጀምሩና መዘምራኑ በጩኸት ይገባሉ። ቀጥሎ ያለው ክፍል ግን ከመቶ ዓመት በፊት ፍሬስኮባልዲ በጻፈው ድርሰት ላይ የተመሠረተ ጸጥ ያለ ጸሎት ነው፤ በቪየና የገለበጠው ኖታ ከሃያ ዓመት በኋላ ሥራ ላይ ዋለ። ከ1739 በኋላም የመጨረሻ ቅዳሴዎች ብሎ የሰየማቸውን ስድስት ሥራዎች ለመጻፍ አሰበ። የተገኙት አንደኛው፣ ሁለተኛውና ስድስተኛው ናቸው፤ አብ፣ ወልድና ቅዱሳን ሁሉ በሚሉ ስሞች የተሰየሙ። በሕይወቱ ሳለ እነዚህ ቅዳሴዎች መዘመራቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ አልተገኘም። አንድ የስድሳ ዓመት ሰው፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ምናልባትም እንደማይሰማው እያወቀ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ቅዳሴ ለአብ ሲጽፍ ለማን እንደ ጻፈው ርእሱ ይናገራል። በድርሰቶቹ መጨረሻ ላይ ለእግዚአብሔር ክብር፣ ለድንግል ማርያምና ለቅዱሳን ሁሉ ስግደት የሚሉ ቃላትን በመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ብቻ ይጽፍ ነበር።

ሚስትም ልጅም ሳይኖረው ዲሴምበር 23 ቀን 1745 ሌሊት ሞተ። የኖታ መጻሕፍቱን ንግሥት ማርያ ዮሴፋ ከውርሱ ገዝተው አስቀመጡ። እንግዲህ ሥራዎቹ ለሕዝብ ጆሮ የጠፉት በዚህ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ እንደ ብርቅ ነገር አድርጎ ቆለፈባቸው። የድሬስደኑ ቫዮሊን መሪ ፒዘንደልና ታላቁ ደራሲ ቴለማን የሕማማቱን ምላሾች ለማሳተም ቢያስቡም አልሆነላቸውም። ቴለማን በ1756 ስለዚህ ድርሰት ሲጽፍ የድሬስደን ቤተ መንግሥት እንደ ልዩ ቅርስ ደብቆ ይጠብቀዋል ብሎ ተናግሯል። ከትላልቅ ሥራዎቹ አንዱም በሕይወቱ ሳለ አልታተመም ነበርና ቁልፉ ሲዘጋ በፕራግ አብያተ ክርስቲያናት ከተበተኑ ግልባጮች በቀር በውጭ የቀረ ብዙ አልነበረም። በላይፕሲግ ባኽ ከማኞፊካቶቹ በአንዱ መጨረሻ ያለውን አሜን በልጁ በቪልሄልም ፍሪደማን እጅ አስገልብጦ ነበር። ሌላው ልጁም በ1775 አባቱ በመጨረሻ ዘመኑ ያከብራቸው የነበሩትን ደራሲዎች ሲዘረዝር ዜሌንካን ጠቅሶታል።

መቆለፉ አንድ ጥቅም ሳይኖረው አልቀረም። በ1760 ፕሩስያውያን ድሬስደንን በመድፍ ሲደበድቡ ሃሰ ለማሳተም ያዘጋጀው ኖታ ተቃጠለ፤ የዜሌንካ ግን ተረፈ።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዝምታ ሆነ። ባኽም ቢሆን በ1829 ሜንደልሶን የማቴዎስን ሕማማት በበርሊን እስኪያሰማ ድረስ ለብዙው ሕዝብ እንግዳ ነበር። ለባኽ ግን ልጆቹና ደቀ መዛሙርቱ ቀርተውለት ነበር፤ የሚቆረቆርለት ሕዝብም ነበረው። ለዜሌንካ ይህ አልነበረውም። በ19ኛው መቶ ዓመት እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን ጀግና ደራሲ ሲፈልግ፣ ለጀርመኖች እርሱ ቦሄሚያዊና ካቶሊክ ነው፤ ለቼኮች ደግሞ ዕድሜውን በውጭ አገር የፈጀ የቤተ መንግሥት አገልጋይ ነው። ይህ የእኛ አስተያየት ነው፤ ከቁልፉ ያላነሰ የጎዳው ግን ይህ ይመስለናል።

በፌብሩዋሪ 1945 ድሬስደን በቦምብ ስትጋይ ብዙዎች የዜሌንካ የእጅ ጽሑፍ አብሮ ጠፋ ብለው አመኑ። ነገር ግን መጻሕፍቱ በተመታው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አልነበሩም፤ ከወንዙ ማዶ በመጻሕፍት ቤት ስለ ተቀመጡ አብዛኞቹ ተርፈዋል። ከጦርነቱ በኋላ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ካሚሎ ሾንባውም ስድስቱን ሶናታዎች አዘጋጅቶ አሳተማቸው። ኖታው በእጅ ከገባ በኋላ የስዊስ ተወላጅ የሆነው የኦቦ ሊቅ ሃይንትስ ሆሊገር ከጓደኞቹ ጋራ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሸክላ አስቀረጻቸው። የባሮክን ሙዚቃ እናውቃለን ይሉ የነበሩ ሰዎች ይህ ማን ነው ብለው የጠየቁት ያን ጊዜ ነው። በ1985 ቮልፍጋንግ ራይኽ በድሬስደን ሥራዎቹን ሁሉ በዓይነት ከፋፍሎና ቍጥር ሰጥቶ ዝርዝራቸውን አወጣ፤ ዛሬ ማንኛውም የዜሌንካ ድርሰት የሚጠራው በዚህ ቍጥር ነው። ራይኽን በእጅጉ የረዳው ዜሌንካ ራሱ ከጃኑዋሪ 1726 ጀምሮ በእጁ ይይዘው የነበረ የሙዚቃ መዝገብ ነው። በ2000 ደግሞ አውስትራሊያዊቷ ጃኒስ ስቶኪግት የድሬስደንንና የኢየሱሳውያንን ሰነድ መርምራ ሰፊ የሕይወት ታሪኩን አሳተመች። በፕራግም ቫጽላቭ ሉክስና አዳም ቪክቶራ የሚመሯቸው ጓዶች ቅዳሴዎቹን አንድ በአንድ እያነሡ ይዘምሯቸዋል። ሉክስ ጓዱን ኮሌጊዩም 1704 ብሎ መሰየሙ ዜሌንካ በፕራግ ለተማሪዎች የጻፈበትን ያንኑ ዓመት ያስታውሰናል።

ከሊቃውንቱ ድካም በኋላም የቀረ ብዙ ነገር አለ። በመጻሕፍትና በሸክላ ሽፋኖች ላይ ዜሌንካ ነው እየተባለ የሚታተመው፣ ሹሩባ ያደረገው ሰው ሥዕል የእርሱ አይደለም፤ የመምህሩ የፉክስ ነው። የዜሌንካ መልክ መሆኑ የተረጋገጠ ሥዕል እስካሁን አልተገኘም። ከስድስቱ የመጨረሻ ቅዳሴዎችም ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው የሉም።